በራሱ ውኃ የሚለቅ መጸዳጃ ቤትና የውኃ ቁጠባ

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ በአደባባይ እምብዛም የማይነገርለት የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ስሙ በተነሣ ጊዜ ፊቱን ያዞራል፤ ወይም ፈገግ ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት በቀን ከሚያጠፋው ውኃ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሻይ የሚፈላበት ወይም ወለል የሚወለወልበት ሳይሆን፣ በአብዛኛው መጸዳጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ ስለ ውኃ ቁጠባ እየተናገሩ መጸዳጃ ቤትን ሳይጠቅሱ ማለፍ፣ ስለ ቤት ወጪ እየተናገሩ ጤፍን እንደ መርሳት ይቆጠራል።

በዘመናችን በትልልቅ ሆቴሎች፣ በአውሮፕላን ጣቢያዎችና በአዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ፣ ሰው እጁን ሳያሳርፍበት በራሱ ውኃ የሚለቅ መጸዳጃ እየተለመደ መጥቷል። የዚህ መሣሪያ ሻጮች ንጽሕናን ይጠብቃል፣ ውኃንም ይቆጥባል ብለው ያመሰግኑታል። የመጀመሪያው ምስጋና እውነት ነው። ሁለተኛው ግን አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ፍጹም ተቃራኒው ይሆናል። የመንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ የሚገዛ ኃላፊም ሆነ በዚያው ዕቃ የሚጠቀም ሠራተኛ ይህን ልዩነት ዐውቆ እንዲገኝ ያስፈልጋል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማም ይኸው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት ወደ ዐርባ ምንጭ እንሂድ።

ዐርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነው። በምዕራብ በኩል ባለው በጋሞ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ምድር ከሰረገ በኋላ፣ ከከተማይቱ በታች ካለው ገደል ሥር፣ በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው ጥቅጥቅ ያለ ደን መካከል በብዙ ስፍራ ይፈልቃል። ከፊት ለፊቱ አባያና ጫሞ የተባሉት ሁለት ሐይቆች ተንጣለው ይታያሉ። የኩልፎ ወንዝም ከደጋው ወርዶ በከተማይቱ በኩል ወደ ጫሞ ይፈስሳል። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የያኔው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወደዚህ ተዛውሯል። ዛሬም የጋሞ ዞን መቀመጫ ናት።

ይህን ሁሉ ውኃ የተመለከተ እንግዳ፣ «በዚህ አገር ስለ ውኃ ቁጠባ መናገር ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን የዐባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐይቅ አጠገብ መኖር አንድ ነገር ነው፤ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ ቤት ድረስ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ምንጮቹ የሚገኙት ከታች ነው። ከተማይቱ ደግሞ ከላይ ናት። እርስዋም ራስዋ ሲቀላ በሚባለው ሜዳና ሴቻ በሚባለው ከፍተኛ ስፍራ ተከፍላ የተሠራች ናት። ስለዚህ ከምንጩ የሚነሣው ውኃ በፓምፕ ኃይል ተገፍቶ ሽቅብ መውጣት አለበት። በሌላ አነጋገር ውኃው ከእግዚአብሔር በነጻ ይሰጣል፤ ዳገቱን የሚወጣው ግን በገንዘብ ነው።

የዚህን ገንዘብ መጠን ለመገመት አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለት 1000 ሊትር ውኃ፣ ለምሳሌ 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት በስሌት 0.27 ኪሎዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። ፓምፑና ሞተሩ ራሳቸው የሚያባክኑት ሲጨመርበት በተግባር የሚወጣው ኃይል እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ላይ የቧንቧው፣ የማጠራቀሚያ ጋኑ፣ የውኃ ማከሚያው መድኃኒትና የሠራተኛው ደመወዝ አለ። እንግዲህ በላይኛው ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በከንቱ የሚፈስሰው እያንዳንዱ ሊትር፣ ይህ ሁሉ ወጪ የተደረገበትና ይህን ሁሉ ዳገት የወጣ ውኃ ነው። ከፈሰሰም በኋላ ነገሩ አያልቅም። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ከተማ ሁሉ ይኸው ውኃ ወደ ጉድጓድ ይገባል፤ ውኃው በበዛ መጠን ጉድጓዱ መምጠጥ ያቅተውና ሞልቶ ወደ ደጅ ይወጣል። ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ብክነት የጎረቤቱ በሽታ ይሆናል።

ይህ የዐርባ ምንጭ ብቻ ሁኔታ አይደለም። የአዲስ አበባ ነዋሪም ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚመጣለትን ውኃ በወረፋ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ዐርባ ምንጭን የመረጥነው በስሟ እንኳ ውኃ ያላት ከተማ መቆጠብ የሚያስፈልጋት ከሆነ፣ ሌላው ከተማ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው በቀላሉ ስለሚታይ ነው።

አሁን ወደ መጸዳጃው ታሪክ ጥቂት እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሰዓት ሠሪ፣ ከሳህኑ ሥር የተጠማዘዘ ቧንቧ ያለበትን የውኃ መጸዳጃ በእንግሊዝ አገር በስሙ አስመዘገበ። በጥምዝምዙ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውኃ ስለሚቀር ሽታው ወደ ቤት አይመለስም። ዛሬ በየቤታችን ያለው መጸዳጃ ሁሉ በዚሁ ዘዴ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1851 ሎንዶን ላይ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ፣ ጆርጅ ጄኒንግስ የተባለ መሐንዲስ ለሕዝብ የሚያገለግል የመጸዳጃ ቤት አቆመ፤ ከ800,000 የሚበልጡ ሰዎችም አንድ አንድ ፔኒ እየከፈሉ ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የከተማ ሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ተቆጠረ።

ሆኖም ይህ ሥልጣኔ ውኃ በላ ነበር። የቀድሞዎቹ የውኃ ሣጥኖች አንድ ጊዜ ሲለቀቁ 9፣ 13፣ አልፎ ተርፎም ከዚያ የበለጠ ሊትር ያፈስሱ ነበር። ውኃ እያነሰ ሲሄድ መንግሥታት መጠኑን በሕግ መወሰን ጀመሩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሕግ፣ ከ1994 ጀምሮ አዲስ የሚሠራው የቤት መጸዳጃ በአንድ ጊዜ ከ6 ሊትር ገደማ እንዳይበልጥ አዘዘ። ደረቅ በሆነችው በአውስትራልያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ብሩስ ቶምፕሰን የተባለ ባለሙያ ሁለት ቁልፍ ያለውን ሣጥን ሠራ፤ ትንሹ ቁልፍ ለሽንት ጥቂት ውኃ ይለቃል፣ ትልቁ ደግሞ ለሌላው ብዙ ውኃ ይለቃል። ይህ ሣጥን ዛሬ በአገራችን የሕንፃ መሣሪያ መደብሮችም ይሸጣል።

በራሱ ውኃ የሚለቀው መሣሪያ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የተስፋፋ ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ከመጸዳጃው በላይ ግድግዳው ላይ ጥቁር መስታወት የመሰለች ትንሽ መስኮት ትታያለች። ይህች ሴንሰር የምትባለው ናት፤ እኛ የኤሌክትሪክ ዐይን ብንላት እንግባባለን። በውስጧ አንዲት ትንሽ መብራት አለች፤ ብርሃንዋ ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ የሰው ዐይን የማያየው ዓይነት ነው። ሰው ከፊትዋ ሲቆም ብርሃኑ በልብሱና በገላው ነጥሮ ይመለሳል፤ አጠገብዋ ያለው ተቀባይ የተመለሰውን ብርሃን ያያል። ዐይንዋ ለጥቂት ሰከንድ ጠብቃ፣ «በእርግጥ ሰው መጥቷል» ብላ ትመዘግባለች። ሰውየው ሲሄድ የሚመለሰው ብርሃን ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ለውኃ መክፈቻው ትእዛዝ ትሰጣለች።

ውኃ መክፈቻው ሶሌኖይድ ቫልቭ ይባላል። ይህም በሽቦ የተጠቀለለ ቱቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት ይሆንና በውስጡ ያለችውን ትንሽ ብረት ይስባል። ብረቲቱ ስትነሣ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ትከፈታለች፤ ከጎማው ሽፋን በላይ የነበረው የውኃ ግፊት ይቀንስና፣ ከታች ያለው ግፊት ሽፋኑን ገፍቶ ያነሣዋል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቀዳዳይቱ ትዘጋለች፤ ግፊቱም ተመልሶ ሽፋኑን ይጫነዋል። ከዚህ እንደምትረዱት ዋናውን ሥራ የሚሠራው የውኃው የራሱ ግፊት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ቀዳዳይቱን ብቻ ይከፍታል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በጥቂት ትንንሽ ባትሪዎች ለረዥም ጊዜ የሚሠሩትም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ ውኃ የሚቆጥበው የት ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ የሚቆጥበው በወንዶች መሽኛ ላይ ነው። በብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ከመሽኛዎቹ በላይ አንድ የውኃ ሣጥን ተሰቅሎ ይገኛል። ሣጥኑ ቀን ከሌት በቀጭኑ ይሞላል፤ በሞላ ቁጥር ሰው ኖረም አልኖረ በራሱ ይገለበጣል። 9 ሊትር የሚይዝ ሣጥን በየ20 ደቂቃው ይገለበጣል ብለን እናስብ። በሰዓት 3 ጊዜ፣ በቀን 72 ጊዜ ይሆናል፤ ውኃውም 648 ሊትር ነው። መሥሪያ ቤቱ ክፍት የሚሆነው 8 ሰዓት ብቻ ቢሆን፣ በቀሩት 16 ሰዓቶች ውስጥ 432 ሊትር ውኃ ለማንም ሳይጠቅም ይፈስሳል ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ ከ21 ጀሪካን ይበልጣል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙሉው 648 ሊትር በየቀኑ ባዶ ቤት ያጥባል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ደንብ በጋራ ሣጥን ለሚታጠቡ መሽኛዎች፣ ለእያንዳንዱ በሰዓት ከ7.5 ሊትር እንዳይበልጥ የወሰነው ይህን የመሰለውን ብክነት ለመግታት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ የኤሌክትሪክ ዐይን ብትተከል ሰው በመጣ ጊዜ ብቻ ስለምትለቅ፣ የሌሊቱና የበዓሉ ብክነት ወዲያው ይቆማል።

ሁለተኛው ጥቅም በእጅ መታጠቢያው ላይ ነው። ውኃ በተቋረጠ ጊዜ ቧንቧውን ከፍቶ ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ ውኃው በሌሊት ሲመለስ እስኪነጋ ይፈስሳል። በራሱ የሚዘጋ ቧንቧ ቢኖር ይህ ጉዳት አይደርስም። ሦስተኛው ጥቅም ንጽሕና ነው። ብዙ ሰው የነካውን ቁልፍ መንካት ስለሚቀር በሽታ የሚተላለፍበት አንድ መንገድ ይዘጋል። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ይህን ጥቅም ሁላችንም ተምረናል።

አሁን ደግሞ ጉዳቱን እንመልከት።

በመቀመጫ መጸዳጃ ላይ የኤሌክትሪክ ዐይን ስትተከል ያላሰቡት ነገር ይመጣል። ተጠቃሚው ጎንበስ ሲል፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ስትወለውል፣ ዐይንዋ «ሰው ሄደ» ብላ ውኃ ትለቃለች። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጸዳጃው ሁለትና ሦስት ጊዜ ያፈስሳል። በተቃራኒው ደግሞ ጥቁር ልብስ ብርሃኑን ስለሚመጥ ዐይንዋ ሰውየውን ሳታየው ትቀራለች፤ ያን ጊዜ መጸዳጃው ሳይታጠብ ይቀራል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በአንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ፣ በእጅ የሚሠሩት ዕቃዎች በሴንሰር ከተተኩ በኋላ ውኃው ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ታትሞ ነበር። የመጸዳጃዎቹ የውኃ ፍጆታ ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ።

ይህን በራሳችን መሥሪያ ቤት ልክ እናስላው። 40 ሠራተኞች ያሉበት አንድ ጽሕፈት ቤት አለ እንበል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን 3 ጊዜ መጸዳጃ ቢጠቀም በጠቅላላው 120 ጊዜ ውኃ ይለቀቃል። ሣጥኑ 9 ሊትር ቢሆን በቀን 1080 ሊትር ይወጣል። በ6 ሊትር ሣጥን ብንተካው 720 ሊትር ይሆናል፤ 360 ሊትር፣ ማለት 18 ጀሪካን ተረፈ። አሁን በዚሁ ባለ 6 ሊትር መጸዳጃ ላይ ሴንሰር ተክለን፣ በየሁለቱ አገልግሎት አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ይለቃል ብለን እናስብ። 60 ጊዜ በከንቱ፣ በ6 ሊትር ሲባዛ 360 ሊትር ነው። ከ720 ጋር ሲደመር ተመልሶ 1080 ሊትር ሆነ። ገንዘብ አውጥተን፣ ዘመናዊ ዕቃ ገዝተን፣ ወደ ነበርንበት ተመለስን ማለት ነው።

በሌላ በኩል ባለ ሁለት ቁልፉን ሣጥን ብንተክልስ? ከ120ው አገልግሎት 80ው በትንሹ ቁልፍ በ3 ሊትር፣ 40ው በትልቁ ቁልፍ በ6 ሊትር ቢሆን፣ 240 እና 240 ተደምሮ 480 ሊትር ብቻ ይሆናል። ከመጀመሪያው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ለዚህ ባትሪም፣ ሽቦም፣ የኤሌክትሪክ ዐይንም አላስፈለገም፤ ያስፈለገው የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለበት የሚያስብ ሰው ነው።

ከዚህም በላይ የአገራችን ሁኔታ የሚያመጣቸው ችግሮች አሉ። አንደኛ፣ ከላይ እንደገለጽነው ቫልቩን የሚዘጋው የውኃው ግፊት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ወይም ከጣሪያ ላይ ካለ ዝቅተኛ ሮቶ በሚወርድበት ቤት ግፊቱ ያንስና ሽፋኑ በደንብ ሳይገጥም ውኃው ሲፈስስ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ ደለልና ዝገት ይዞ ይመጣል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በቀጭኗ ቀዳዳ ከገባች ቫልቩ ወይ አይከፈትም፣ ወይ አይዘጋም። ሦስተኛ፣ በቀጥታ በመስመር ኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራውን ያቆማል። አራተኛ፣ መለዋወጫው በከተማው ገበያ ካልተገኘ መሣሪያው በተበላሸ ማግስት በሩ ተቆልፎ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል።

ይህን የምንለው አዲስ ዕቃ እንዳይገዛ አይደለም። ነገር ግን የሚገዛ ሰው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። መሣሪያው የሚፈልገው ዝቅተኛ ግፊት ስንት ነው? በባትሪ ይሠራልን? መብራትም ባትሪም በሌለበት ጊዜ በእጅ የሚጫን ቁልፍ አለውን? ደለል የሚያስቀር ወንፊት ከፊቱ ተገጥሞለታልን? የዐይንዋን ርቀትና የውኃውን መጠን ማስተካከል ይቻላልን? ጎማውንስ ከየት እናገኛለን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያልተገኘለት ዕቃ ከመጋዘን ባይወጣ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ፤ እርሱም ፍሳሽን ማግኘትና ማቆም ነው። አንድ መጸዳጃ በደቂቃ 1 ሊትር ውኃ ቢያፈስስ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። ሆኖም በቀን 1440 ሊትር ይሆናል፤ 72 ጀሪካን ማለት ነው። ቀደም ሲል ያሰላነው የ40 ሠራተኞች ሙሉ ፍጆታ 1080 ሊትር እንደ ነበረ አስታውሱ። አንድ የሚያፈስስ መጸዳጃ ከ40 ሰው ይበልጥ ይጠጣል። በዓመት ሲቆጠርም ከ500 ሜትር ኩብ ያልፋል። ይህም ሁሉ በፓምፕ ዳገት የወጣ ውኃ ነው።

ፍሳሹን ለማግኘት ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው በቆጣሪ ነው። ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር መዝግቡ፤ ሰኞ ጠዋት በሩ ሳይከፈት እንደ ገና አንብቡ። በመካከሉ ሮቶ የሚሞላ ካልነበረና ውኃ የሚጠቀም ዘበኛ ከሌለ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ የሆነ ስፍራ ይፈስሳል። ሁለተኛው በቀለም ነው። ከሣጥኑ ውኃ ውስጥ ጥቂት ቀለም ጠብ አድርጉ፤ ለግማሽ ሰዓት ማንም ሳይነካው ቆይቶ ቀለሙ በሳህኑ ውስጥ ከታየ የሣጥኑ ጎማ አርጅቷል ማለት ነው። ጎማ መለወጥ የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጎማው ዛሬ ቢለወጥ ነገ ግድግዳው አይረጥብም፣ የወሩም ሒሳብ አያስደነግጥም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ፍሳሹ ይቁም። ቀጥሎ የሣጥኑ መጠን ይቀነስ። ከዚያ በኋላ ሴንሰሩ በሚጠቅምበት ስፍራ፣ ማለት በወንዶች መሽኛና በእጅ መታጠቢያ ላይ ይተከል። በመጨረሻም ከተተከለ በኋላ ቆጣሪው በየወሩ ይነበብ። የመጀመሪያውን ሳይሠሩ ሦስተኛውን መጀመር ቀዳዳ እንስራ ይዞ ወደ ምንጭ እንደ መውረድ ነው።

ስለ ብልሃት ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን በብዙ ከተሞች በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ተሠርቶ ነበር። እግር ሲረግጥ ውኃ ይወርዳል፤ እግር ሲነሣ ይቆማል። እጅ ምንም አይነካም፤ ውኃም ትርፍ አይፈስስም። ይህ የኤሌክትሪክ ዐይን የምትሠራውን ሥራ በብረትና በገመድ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሲበላሽም የሰፈሩ ብረት ሠራተኛ ይጠግነዋል። በመናኸሪያና በትምህርት ቤት ለመሳሰለው ብዙ ሕዝብ ለሚመላለስበት ስፍራ እንዲህ ያለው ዕቃ ከውድ ሴንሰር የተሻለ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ውኃ በፍጹም በማይደርስበት ስፍራስ ምን ይደረግ? ለዚህም መልሱን ከዚያችው ከዐርባ ምንጭ እናገኛለን። በዚያች ከተማ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ሮዛ የተባለ ፕሮጀክት ሲካሄድ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ከሚገኙ ከተሞች ጋር ዐርባ ምንጭም ተመርጣ ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ ከተሞከሩት አንዱ ሽንትን ከዐይነ ምድር የሚለይ ደረቅ መጸዳጃ ነው። ሽንቱ በአንድ በኩል ወደ ጀሪካን ይወርዳል፤ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ለተክል ማዳበሪያ ይሆናል። ሌላው በሌላ በኩል ወደ ደረቅ ክፍል ወርዶ አመድ ይነሰነስበታል፤ በቂ ጊዜ ቆይቶ ሲደርቅ እርሱም አፈርን ያዳብራል። እንዲህ ያለው መጸዳጃ ለማጠብ አንድም ሊትር አይጠይቅም፤ ውኃ የሚያስፈልገው ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ነው። ማደስና መከታተል ግን ይፈልጋል፤ ያለ ጠባቂ የሚቆይ መጸዳጃ በዓለም ላይ የለም።

ክቡራን አንባብያን፤ እስካሁን ስለ ዕቃው ተናገርን። የሚቀረው ስለ ሰው መናገር ነው።

በቤታችን ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሁላችንም እንነሣለን፤ ሒሳቡ ከኪሳችን እንደሚወጣ እናውቃለንና። በመሥሪያ ቤት ግን ያው ድምፅ ሲሰማ፣ «የሚመለከተው ክፍል ያውቀዋል» ብለን እናልፋለን። የሚመለከተውም ክፍል ሪፖርት ያልቀረበለትን ነገር ሊያውቅ አይችልም። በዚህ መካከል ጉዳቱን የምትሸከመው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ሮቶው በከንቱ ባለቀ ጊዜ ባልዲ ተሸክማ ደረጃ ለደረጃ የምትወጣው፣ ያልታጠበውንም መጸዳጃ የምትጋፈጠው እርስዋ ናት። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ደግሞ በመስመሩ ጫፍ፣ ከፍ ባለው ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ አለ። የመስመሩ ግፊት ሲደክም መጀመሪያ የሚደርቀው የእርሱ ቧንቧ ነው፤ ጀሪካን ይዛ የምትወጣውም ብዙ ጊዜ የዚያ ቤት ሴት ልጅ ናት። በቢሮ ውስጥ የሚፈስሰው ውኃና እርስዋ የምትጠብቀው ውኃ ከአንድ ጋን የወጡ ናቸው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የውኃ ቆጣሪውን በየወሩ የሚያነብና የሚመዘግብ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ሁለተኛ፣ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ብልሽት የሚነገርበት የስልክ ቁጥር ይለጠፍ፤ የተነገረውም በሳምንቱ ይጠገን። ሦስተኛ፣ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ የዋጋ ማቅረቢያው ብቻ ሳይሆን የውኃው ስሌትም አብሮ ለኃላፊው ይቅረብ። ለእናንተ ለሠራተኞች ደግሞ የምናሳስበው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሲፈስስ ያያችሁትን ዝጉ፣ መዝጋት ያቃታችሁን ተናገሩ።

የጋሞ ደጋ ሰዎች በየአካባቢያቸው ያሉትን የከበሩ ደኖች ዛፋቸው እንዳይቆረጥ በወግ ጠብቀው ያቆዩ ናቸው። ከፍ ካለው ስፍራ ያለው ዛፍ ሲጠበቅ ከሥሩ ያለው ምንጭ አይነጥፍም። ምንጩን የመጠበቅ ሥራ እንዲህ ከላይ ይጀምራል፤ የሚያልቀው ግን ከቧንቧው ጫፍ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ዐይን በሚገባት ስፍራ ብትተከል ታግዘናለች። ነገር ግን እርስዋ የምታየው ሰው መምጣቱንና መሄዱን ብቻ ነው፤ ውኃው በከንቱ መፍሰሱን የሚያየው የሰው ዐይን ነው።